የበር ነው የልብስ?

ባለፈው ሳምንት የአሮጌው ካፖርቴ ቁልፍ ወልቆ ጠፋ። ልጄ፣ "ካፖርቱም አብሮት በጠፋ" አለች። አልተቀየምኳትም፤ ክርኑ ሳስቷል፣ ገበሩ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፣ ድሮ ቡናማ የነበረው ቀለሙ ዛሬ ምን እንደሚባል እኔም አላውቅም። ያ ቁልፍ ግን ጠፋ ተብሎ የሚተው ስላልሆነ ጉልበቴን እያሻሸሁ ታክሲ ተሳፍሬ መርካቶ ወረድኩ። ዱባይ ተራ ጫፍ ላይ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ሱቅ ውስጥ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ከኋላዋ እስከ ጣሪያው ድረስ ክር፣ ዚፕ፣ ላስቲክ፣ የመጋረጃ ቀለበት፣ ጓጉንቸር ተሰቅሏል። "ቁልፍ ፈልጌ ነበር" አልኳት። ከስልኳ ቀና ሳትል፣ "የበር ነው የልብስ፣ እማማ?" አለችኝ።

መልሱ አፌ ላይ ቀረ። ልጅቷ ጆሮዬ የደከመ መስሏት ቀና ብላ ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችልኝ። ሰምቻታለሁ። ይህንኑ ጥያቄ፣ ከዚያ ሱቅ አምስት ደቂቃ በማያስኬድ ቦታ፣ እኔ የእሷን ዕድሜ ሳለሁ አንድ ሰው ጠይቆኝ ነበር። ያኔም አልመለስኩም። ልዩነቱ፣ ያኔ ጥያቄውን ያለፍኩት ንቄ ነው።

የእኛ መደዳ ከሸማ ተራ ጀርባ ነበር። አርባ የማይሞሉ የቆርቆሮና የጣውላ ሱቆች ፊት ለፊት ተፋጠው የቆሙበት፣ አህያ ከነጭነቱ ከገባ ሰው አንዱ በር ውስጥ ገብቶ የሚያሳልፍበት ጠባብ መተላለፊያ። በቀኝ በኩል ነጠላና ጋቢ ሻጮች፣ በግራ በኩል ልብስ ሰፊዎች። እናቴ እትዬ ዘነበች መግቢያው ላይ ድርና ማግ፣ ክርና ቁልፍ ትሸጥ ነበር። ጥሩ ነጠላ በሰባት ብር፣ ዓመት በዓል ሲደርስ በዘጠኝ ይሄዳል። ሻይ አምስት ሳንቲም፣ ፓስቲ አምስት ሳንቲም፤ ስሙኒ የያዘ ሰው ጓደኛ ጋብዞም ይተርፈዋል። ወደ ሰባተኛ ሰፈር ሲታጠፍ ጥጉ ላይ የነበረው ቡና ቤት አንድ ሸክላ ብቻ ነበረው ብል አላጋነንኩም። ጠዋት የጀመረውን ዘፈን እስኪመሽ ይደጋግመዋል፤ መርፌው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይዘላል፤ ልብስ ሰፊዎቹም እግራቸው ከፔዳሉ ላይ ሳይነሳ እያንጎራጎሩ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርሱ አብረው ይዘሏታል። ዛሬ ያንን ዘፈን በሬዲዮ ሳይዘል ስሰማው የተሳሳቱት የሬዲዮ ሰዎቹ ይመስሉኛል።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቴ የትም የሚያስገባ ሳይሆን ቀርቶ እናቴ ሱቅ ቁጭ ብዬ ነበር። ቁጭ ብዬ ማለቴ ለወጉ ነው፤ መቀመጥ አልችልም። ጸጉሬን አጎፍሬ፣ ከጉልበት ከፍ ያለ ጉርድ ለብሼ፣ ከመደዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ስመላለስ እናቴ "ይቺ ልጅ እግሯ ላይ ጉንዳን አለ" ትል ነበር። አፌም እንደ እግሬ ነበር። ሰው በሆዱ ይዞ የሚዞረውን ነገር እኔ ስናገረው ቀለል ይለኝ ነበር፤ ይህንንም ድፍረት እለው ነበር። መደዳው ውስጥ ጥሩ አድርጎ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሁለት ሰው ነው፤ አንዷ እኔ፣ አንዱ ጋሽ ማሞ።

ጋሽ ማሞ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሱሪ በሦስት ብር ይሰፋሉ፤ ያንን ካፖርት ለማትሪክ ፈተናዬ በአሥራ ሁለት ብር የሰፉልኝም እሳቸው ናቸው። አባታቸው ሸማኔ ነበሩ። ይህንን አሁን እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ አልፋለሁ፤ ያኔ ግን እንዲህ የሚታለፍ ነገር አልነበረም። ሸማ የማይለብስ ባላባት የለም፣ ሸማኔን "ቁጢት በጣሽ" ብሎ የማይሰድብ ባላባትም የለም። ገዢው ነጠላውን በእጁ እያሻሸ ያደንቃል፤ የሠራው ሰው ሴት ልጁን ቢጠይቀው ግን ውሻ ይለቅበታል። ጋሽ ማሞ ይህንን ሁሉ ያውቃሉ፤ አውቀውም መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ጋዜጣ ያነባሉ፣ ሕግ ያነባሉ፣ ለመደዳው ሰው አቤቱታ ይጽፋሉ። "አቤት" የሚለውን ከላይ፣ ፍሬ ነገሩን ከመሃል፣ ጥያቄውን ከታች ማድረግን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። "ጽጌ፣ አቤቱታ ላይ አታልቅሺ" ይሉኝ ነበር። "ያለቀሰ ሰው ምን እንደፈለገ አይታወቅም።"

መደዳችን ያረፈበት መሬት የአንዲት ትልቅ ወይዘሮ ነበር። ወይዘሮዋን አይተናቸው አናውቅም፤ የምናውቀው ወኪላቸውን ነው። ወኪሉ በጥቁር መነጽርና በተወለወለ ጫማ በየወሩ ይመጣል፤ አንድ ክረምት ላይ ደግሞ ሜትር የያዙ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣና መተላለፊያውን ለካው። ምንም አልተናገረም። ሜትሩ ግን ተናገረ። በማግስቱ መደዳው ተነስቶ ፎቅ ሊሠራበት ነው የሚለው ወሬ ከሰባተኛ እስከ እኛ ድረስ ደረሰ። ጋሽ ማሞ አቤቱታ ጻፉ፤ መልስ የለም። እንደገና ጻፉ። ያን ጊዜ የፓርላማ ምርጫ ቀረበ፤ ወኪሉም ለእኛው ወረዳ ተወዳዳሪ ሆኖ ተመዘገበ። እሱ ከገባ አቤቱታችን የሚያርፈው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ራሱ ይሆናል ማለት ነው። ዛሬ ልጆች ስለ ፓርቲና ስለ ሊቀ መንበር ሲከራከሩ እሰማለሁ፤ ያኔ ፓርቲ የሚባል ነገር የለም፤ ሰው በስሙና በንብረቱ ነው የሚቀርበው። እኛ ግን ሳናውቀው ፓርቲ ሆነን ነበር። አንድ ጥያቄ ነበረን፤ የጎደለን መሪ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሐጂ ኑሪ መጋዘን ተሰበሰብን። ሐጂ ኑሪ የመደዳው ሽማግሌ ናቸው፤ አቡጀዲና ካኪ በጅምላ የሚያከፋፍሉ፣ የማይቆጡ፣ ስለማይቆጡም የሚፈሩ ሰው። ሰው ሁሉ የጨርቅ ቦንዳ ላይ ተቀመጠ። እኔን ቃለ ጉባኤ ያዢ ብለው ደብተር ሰጡኝ። ፊት ለፊት ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ በአንድ በኩል ጋሽ ማሞ፣ በሌላ በኩል ባላምባራስ አስፋው። ባላምባራስ የጋቢ ነጋዴ ናቸው፤ ድምፃቸው ከሱቃቸው ይሰፋል፤ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ጎጃም በረንዳ የማያውቃቸው የለም፤ ቀብር አያመልጣቸውም፤ ሬሳ የሚሸከም ሰው ሲጠፋ ካባቸውን አውልቀው የሚገቡ ናቸው። ስለ መሬት ሕግ ምን እንደሚያውቁ ጠይቆ ያወቀ ግን የለም። ሲጠየቁ ይስቃሉ፤ ሳቃቸውም ደስ ይላል።

"ሁለት ሰው ካቀረብን ድምፃችን ይከፈላል፣ ወኪሉ ይገባል" አሉ ሐጂ ኑሪ። "ስለዚህ አንድ ሰው ይዘን እንወጣለን። ማን ጥሩ ነው አልልም፤ ሁለቱም ወንድሞቻችን ናቸው። ማን ያሸንፋል ነው የምለው።"

"ማሞ ሕግ ያውቃል" አለ አንድ ልብስ ሰፊ።

"ሕግ ያውቃል፤ ሕዝብ ያውቀዋል ወይ?" አለ ሌላው ከጋቢ ሻጮቹ በኩል።

ባላምባራስ ጢማቸውን አሻሹ። "እኔ ልሁን ብዬ አልለመንኩም። ብትመርጡኝ አለሁ። ባትመርጡኝም ቀብራችሁ ላይ አለሁ።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ማሞ ፈገግም አላሉ። "እኔ ቀብሩ ሳይደርስ ነው መድረስ የምፈልገው" አሉ።

ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ። ያንን ዝምታ ዛሬም አውቀዋለሁ፤ ሰው ሁሉ አንድ ነገር እያሰበ ሌላው እንዲለው የሚጠብቅበት ነው። አንዱ ያስላል፣ አንዱ የቦንዳውን ገመድ ይፈታል ያስራል፣ ሐጂ ኑሪ መቁጠሪያቸውን አቁመዋል። ጋሽ ማሞ ደግሞ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አንድ በአንድ ያዩናል፤ ማን እንደሚለው ለማየት ይመስላል። ያ ነገር ካልተባለ እዚያው ሲመሽብን ታየኝ። እርሳሴን ደብተሩ ላይ አስቀመጥኩ።

"እኔ ልበለው?" አልኩ። "ከዚህ መደዳ ውጭ ያለው ሰው የሸማኔ ልጅ አይመርጥም። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጋሽ ማሞም ያውቁታል።"

እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ፤ ቁንጥጫው ለሳምንት ጠቁሮ ቆይቷል። ጋሽ ማሞ እኔን ሳይሆን ደብተሩን አዩት። "ቃለ ጉባኤው ላይ ይግባ" አሉ። "የተባለ ነገር ነውና ይጻፍ።" ቀጥሎ እጃቸውን አወጡ። "ባላምባራስ ይሁኑ።" ለባላምባራስ መጀመሪያ የወጣው እጅ የእሳቸው ነበር። የሌላው እጅ የተከተለው የእሳቸውን ነው። እኔ ደግሞ ጻፍኩት፤ ያልኩትንም ጭምር፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ መንገዱን ሁሉ አላናገረችኝም። በር ላይ ስንደርስ ብቻ፣ "እውነት ነው ብለሽ ነው?" አለችኝ። "ውሸት ነው እንዴ?" አልኳት። "እውነት መሆኑን በምን አወቅሽ? ወጥተሽ ጠየቅሽ?" አለችና ነጠላዋን አጣጥፋ ገባች። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት፤ ሰማኋት እንጂ አላዳመጥኳትም።

ምልክት የሚባል ነገር ነበር። አብዛኛው መራጭ ፊደል ስለማይለይ ለየተወዳዳሪው አንዳንድ ምልክት ይደርሰዋል። ሦስት ተወዳዳሪዎች ነበሩ። ለአንድ ለማናውቃቸው አስተማሪ ፋኖስ ደረሳቸው፣ ለወኪሉ ወንፊት፣ ለእኛ ቁልፍ። ቁልፍ ሲደርሰን ደስታዬ ሌላ ነበር። በዚያችው ዕለት መፈክር ጻፍኩ፦ "በራችን እንዳይዘጋ፣ ቁልፉን ምረጡ።" ሐጂ ኑሪ ወደዱት። ባላምባራስ ሳቁ። ማተሚያ ቤት ሄድኩ፤ ሥዕል ይጨመር ከተባለ ክሊሼ የሚሉት የሥዕል ማተሚያ ሰሌዳ ስለሚያስፈልግ ዋጋው እጥፍ ይሆናል አሉኝ፤ ጽሑፉ ብቻ ይበቃል ብዬ ወሰንኩ። ለማያነብ ሰው የሚሆን ምልክትን ለሚያነብ ሰው ብቻ አሳተምኩ ማለት ነው። ይህንን ለማስተዋል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርት አልበቃኝም።

ወረቀቱ ሰማያዊ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ጋዝ ጋዝ እየሸተተ መጣ። የመጀመሪያውን ክምር ይዤ የሄድኩት ጋሽ ማሞ ጋ ነው፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ሳይሆን ለማሳየት። እግራቸው ፔዳሉ ላይ ነበር። አንድ ወረቀት ተቀብለው መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉና አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ፔዳሉ ቆመ።

"የበር ነው የልብስ?" አሉኝ።

"ምን?"

"ቁልፉ።" ከመኪናው ጎን የነበረውን ጠርሙስ አነሱና አንቀጫቀጩት፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡናማ ቁልፎች ሞልተውታል። "ከጠዋት እስከ ማታ 'ቁልፍ አምጣ፣ ቁልፍ ትከል' የሚል መደዳ ነው። እዚህ ቁልፍ ይቺ ናት። የበሩን መክፈቻ ነው የምንለው። መክፈቻ ብለሽ ጻፊው።"

"በራችን ብዬ ጽፌያለሁ እኮ፣ ይኸው።"

"ማን ሊያነበው? እናትሽ?"

እናቴን ማንሳታቸው ቆረቆረኝ። የምናገረውን ከመናገሬ በፊት አውቄዋለሁ፤ አውቄውም አልተውኩትም። "ጋሽ ማሞ፣ ሳይመረጡ ከቀሩ በኋላ እንኳን እርማት አይተዉም?" አልኳቸው።

ወረቀቱን አጣጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ አስቀመጡት። ፔዳሉን ረገጡ። መኪናው መጮህ ሲጀምር ልበ ሙሉ ሆኜ ወጣሁ። ለፊት ለፊቱ ሱቅ ሰጠሁ፣ ለቀጣዩ ሰጠሁ፤ ለማያነበው ደግሞ በአፌ ነገርኩት። በአፌ ሲሆን "በራችን እንዳይዘጋ" የሚለው ይረዝማልና "ቁልፉን አትርሱ" ብቻ እል ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ የመደዳው ሁሉ ሰላምታ እሷ ሆነች። "እንዴት አደራችሁ" በሚባልበት ቦታ "ቁልፉን አትርሱ" ይባባላል። ልብስ ሰፊዎቹ በዘፈኑ ውስጥ አስገቧት፤ መርፌው በሚዘልባት ቦታ ላይ እሷን ይሏታል። ከዚህ በላይ ምን ማሸነፍ አለ ብዬ አሰብኩ።

የምርጫው ዕለት ዝናብ ያረገዘ ሰማይ ነበር። ምርጫው የሚካሄደው ከመደዳው ወረድ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ነው። ዝናቡ ሳያባርራችሁ ማልዳችሁ ምረጡ ብዬ ሁሉንም በየቤታቸው የቀሰቀስኩ እኔ ነኝ። ሱቅ ዘግተው፣ የክት ነጠላቸውን ለብሰው፣ ለንግሥ የሚሄዱ መስለው ተሰለፉ። የእኔ ዕድሜ ለመምረጥ ስላልደረሰ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ የሚገባ የሚወጣውን እቆጥር ነበር። የእኛ ሰው ብዙ ነበር። ባላምባራስ ካባቸውን ደርበው አጥሩ ሥር ቆመዋል፤ የሚወጣው ሁሉ እየሳመ ያልፋል። ወኪሉ በመኪናው ውስጥ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ሲል አላየሁትም፤ ያንን መረጋጋቱን ተስፋ መቁረጥ ነው ብዬ ተረጎምኩት።

እናቴ ወደ አራት ሰዓት ላይ ወጣች። ፊቷ ይበራል፤ በሕይወቷ አንድ ነገር ስትመርጥ ያ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ባሏን እንኳ የመረጡላት ሌሎች ናቸው። ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ሳበችኝ።

"ጨመርኩ" አለችኝ።

"ጎበዝ፣ እማዬ።"

"ፈርቼ ነበር እኮ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ስገባ ሦስት ሣጥን ተደርድሯል። አንደኛው ላይ ፋኖስ አለ። አንደኛው ላይ መክፈቻ አለ። ሦስተኛው ላይ ቁልፏ። ቶሎ ነው የለየኋት።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አራቱንም ቀዳዳ ቆጥሬ ነው የጨመርኩት።"

እግሬ ያለማቋረጥ የሚሄድ ሰው ነበርኩ ብያለሁ። ያን ጊዜ ቆመ። የወንፊቱ ሥዕል በአጥሩ ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ላይ ነበር፤ ስንት ቀን ሙሉ በፊቱ አልፌያለሁ፤ አሁን ነው ያየሁት። ሠዓሊው ሰነፍ ይሁን ቸኩሎ፣ አንድ ክብ ሠርቶ፣ በውስጡ ሌላ ክብ ሠርቶ፣ ከመሃሉ አራት ቀዳዳ ብቻ አድርጎበታል። ወንፊት ነው ተብሎ ካልተነገረው በቀር መርፌ ይዞ የሚውል ሰው ሌላ ምንም ሊለው አይችልም። የካፖርት ቁልፍ ነው።

"ምነው?" አለች እናቴ።

"ምንም" አልኳት። "ጥሩ አድርገሽ መርጠሻል።" ይህንን ውሸት እስከ ዕለተ ሞቷ አላነሳሁትም። በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ሁሉ የማልጸጸትበት እሱ ብቻ ነው።

ወደ ሰልፉ ሮጥኩ። ከፊት ያሉት ሁለት ልብስ ሰፊዎች ነበሩ፤ "መክፈቻው ነው፣ መክፈቻው" ብዬ በሹክሹክታ ስነግራቸው ፖሊሱ ዱላውን አጥሩ ላይ መታ አድርጎ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ እዚህ መቀስቀስ ክልክል ነው" አለኝ። ልብስ ሰፊዎቹ ግራ ተጋብተው አዩኝ። "የማን መክፈቻ?" አለ አንደኛው፤ "ባላምባራስ ቁልፍ ናቸው ብለሽን አልነበረም እንዴ? ተለወጡ?" ሁለተኛው ደግሞ ባልንጀራውን በክንዱ ጎሸም አድርጎ፣ "ተጠንቀቅ፣ ልጅቷን ወኪሉ ገዝቷታል" አለው። ገቡ። ምን ውስጥ እንደጨመሩ ስላወቅኩ ሲወጡ ፊታቸውን አላየሁም።

ባላምባራስ ጋ ሄጄ ብነግራቸው ሳቁ። "ምን ቀዳዳ፣ ምን ወንፊት፣ ሰው ሁሉ እየሳመኝ ነው የሚያልፈው እኮ" አሉ። ሐጂ ኑሪ ግን ወዲያው ገባቸው፤ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱና፣ "ያልመረጠ ማን ቀርቷል?" አሉ። ከመደዳችን የቀሩት ጥቂት ነበሩ፤ ማልዳችሁ ያልኳቸው ማልደው መርጠዋል። ከሱቁ ያልወጣ ልብስ ሰፊ አንድ ብቻ ነበር፤ ጋሽ ማሞ። ሰልፍ ሲቀል እሄዳለሁ ብለው መኪናቸው ላይ ተቀምጠዋል።

እየሮጥኩ ደረስኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም ነበር፤ ደግነቱ መጀመር አላስፈለገኝም። ፊቴን አይተው ፔዳሉን አቆሙ።

"የልብሱን መረጡ" አሉ።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ብዬሽ አልነበረም ወይ ይላል፤ እኔ ብሆን እላለሁ። እሳቸው ጠርሙሱን ከነቁልፎቹ ብድግ አድርገው በዚያ ጠባብ መተላለፊያ ወጡ። ሰባተኛ ድረስ፣ ቡና ቤቱ ድረስ፣ ጋሪ ማቆሚያው ድረስ ሄዱ፤ ያልመረጠ ሰው ባገኙ ቁጥር አንድ ቁልፍ ከጠርሙሱ እያወጡ፣ "ይቺን አይደለም፤ መክፈቻውን" ይሉታል። እኔ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። ያየሁትን ልናገር፤ ባለጋሪዎቹ ተነስተው ሰላም አሏቸው። አንዱ ስለ ፈረሱ ማቆሚያ ለማዘጋጃ ቤት የጻፉለት አቤቱታ መልስ ማግኘቱን ነገራቸው፤ ሌላው "ጋሽ ማሞ፣ እርስዎ ነዎት ብለን ስንጠብቅ ማን ነው የቀደመዎት?" አላቸው። ከመደዳችን ውጭ ያለ ሰው ነው ይህንን የሚላቸው። እሳቸው፣ "ይደርሳል፣ አሁን መክፈቻውን" ብለው አለፉ። ወደ እኔ አልዞሩም። ባይዞሩም ሰምቼዋለሁ።

ዝናቡ መጣ። ሣጥኑ ታሸገ። ውጤቱ ሲነገር ወኪሉ በጥቂት ድምፅ አለፈ፤ ያ ጥቂት ከእኛ መደዳ ልብስ ሰፊዎች ቁጥር እንደማይበልጥ ሐጂ ኑሪ በጣታቸው ቆጥረው ተዉት። የሚያሳዝነው መደዳው ለጥቂት ሰዓት ያሸነፈ መስሎት ነበር። የአሸናፊው ምልክት ተለጥፎ ሲታይ ቁልፏ አሸነፈች ተባለ፤ እልል ያሉ ነበሩ። አንድ ሸምገል ያለ ሰፊ ሲጨፍር አይቼ ፊቴን ወደ ቆርቆሮው አዞርኩ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ጭብጨባው ከጫፉ ጀምሮ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ መጥቶ እኛ ሱቅ ፊት ለፊት ቆመ።

በማግስቱ ጋሽ ማሞ ጋ ሄድኩ። ካፖርቴን ለብሼ ነበር፤ ትላንት በሩጫው መሃል አንድ ቁልፍ ተበጥሶብኛል። ገና ሳልናገር፣ "አውልቂው" አሉኝ። ጠርሙሱ ሊጋመስ ምንም አልቀረውም። የሚመስለውን ፈልገው አገኙ፤ ባለ አራት ቀዳዳ ነው፤ ባለፈው ሳምንት የጠፋብኝ ይኸው ነው፤ ክር በምራቃቸው አርጥበው አስገቡ። እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅኩ። እንደዚያ ረጅም ጊዜ ቆሜ አላውቅም።

"ጋሽ ማሞ፣ የዚያን ዕለት መጋዘን ውስጥ..." አልኩ።

"ልክ ነበርሽ ይሆናል" አሉኝ፤ ዓይናቸው መርፌው ላይ ነው። "እኔም ባለጋሪዎቹ እንዲያ ይሉኛል ብዬ አልጠበቅኩም። አይመርጡኝም ያልሽው ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ጽጌ፣ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቅሽም። እኔም አልጠየቅኩም። ማንም አልጠየቀም።" ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። "በዚህ ላይ አታልቅሺ። ሂጂና ደብተር አምጪ፤ ለአዲሱ እንደራሴያችን አቤቱታ እንጽፋለን።"

ጻፍን። ለወኪሉ፣ ስለ ወኪሉ። ከላይ አቤት፣ ከመሃል ፍሬ ነገሩ፣ ከታች ጥያቄው። መልስ አልመጣም፤ መደዳው መስቀል ሳይደርስ ተነሳ። ጋሽ ማሞ መኪናቸውን በጋሪ ጭነው ወደ ኮልፌ ሄዱ፤ የጫነላቸው ባለጋሪ ሂሳብ አልቀበልም አለ። እናቴ ክሯን በመደብ ዘርግታ መሸጥ ጀመረች። ባላምባራስ ቀብራችን ላይ አልቀሩም፤ እናቴን ሲሸከሙ አይቻቸዋለሁ፤ ሰው ማማት አልወድም። አሁን ያ መደዳ በነበረበት ቦታ መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሟል፤ የመጀመሪያው ወለል ላይ ልብስ ይሸጣሉ፤ ሁሉም ተሰፍቶ፣ ቁልፉ ተተክሎለት የመጣ ነው።

የሱቋ ልጅ አሁንም እያየችኝ ነው። "እማማ፣ ይቀመጣሉ? የበር ነው የልብስ?"

"የልብስ ነው፣ የኔ ልጅ" አልኳት። "ባለ አራት ቀዳዳ።" አንድ ሣጥን ዘርግፋ ቀለሙን ከካፖርቴ ጋር እያስተያየች ትፈልግልኝ ጀመር። "ሁሉንም ሰው እንዲህ ትጠይቂያለሽ?" አልኳት። "ምን ላድርግ፣ ካልጠየቅኩ የማይሆን ነገር ሰጥቼ ይመልሱብኛል" አለችኝ፤ በቀን መቶ ጊዜ የምትለው ነገር ስለሆነ ቀና እንኳ አላለችም።